«ዊች» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

በእንግሊዝኛ አስማት የምትሠራ ሴት «ዊች» ትባላለች። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ወንዱ «ዊቻ»፣ ሴቷ ደግሞ «ዊቼ» ይባሉ ነበር። ከዘመናት በኋላ የሁለቱ ቃላት መድረሻ ጠፍቶ አንድ ሲሆኑ ስሙ በሴቷ ላይ ጸና።

ጣጣው ግን በስም ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘጸአት ሞት የተፈረደባትን መተተኛ በዚሁ ቃል ተረጎማት። በ1692 በአሜሪካ ሳሌም በዚህ ክስ ከተሰቀሉት 19 ሰዎች 14ቱ ሴቶች ነበሩ።

በእኛም ዘንድ የግዕዙ «ሥራይ» መድኃኒትም አስማትም ማለት ነው። በአማርኛም «መድኃኒት አደረገችበት» ሲባል ፈወሰችው ማለት አይደለም። ዛሬም ባል ሚስቱን ሲያከብር «አስነክታው ነው» የሚል ጎረቤት አይታጣም።