የድርጅት ሙያና የወንዝ ደኅንነት

በጅማና በሲዳማ እሸት ቡና የሚያጥቡ ድርጅቶች ያለ ወንዝ ሥራቸውን ማከናወን አይችሉም። ይሁን እንጂ ገለፈቱና እጣቢው ሳይጣራ ወደ ወንዙ ሲለቀቅ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን እርሱን ሲያበሰብሱ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። በዚህም ምክንያት ዓሣው ይታፈናል፤ ከወንዙ በታች ያለውም መንደር ንጹሕ ውኃ ያጣል።

ይህን ጉዳት ለመግታት መልካም ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ሙያም ያስፈልጋል። ስለሆነም ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ሦስት ነገሮችን ሊያስተምር ይገባል፦ አንደኛ፣ ውኃውን ከማጠቢያው በላይና በታች እየቀዱ መርምሮ ማነጻጸርን፤ ሁለተኛ፣ ገለፈቱን ለይቶ ወደ ማዳበሪያነት መለወጥን፤ ሦስተኛ፣ እጣቢውን በጉድጓድ ካዘቀጡ በኋላ በቬቲቨር ሣር መካከል አሳልፎ ማጣራትን።

ተማሪዎች ሆይ፣ ወንዙን ያበላሸ ድርጅት ነገ ቡናውን በምን ያጥባል? በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ድርጅት ከተፈጥሮ የሚወስደውንና ለተፈጥሮ የሚመልሰውን አስተውላችሁ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።