የአባላት መዝገብም ጠባቂ ያስፈልገዋል

የማዳበሪያ ማከፋፈያ ወቅት ሲደርስ በኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚለጠፈው ዝርዝር ብዙ ነገር ይናገራል። የአባሉ ስም ከነአያቱ፣ የመሬቱ ስፋት፣ የወሰደው ማዳበሪያ፣ ያልከፈለው ዕዳ፣ አልፎ አልፎም የስልክ ቁጥሩ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ለአላፊ አግዳሚው ይታያል። የሚለጠፈው በክፋት አይደለም። ማን ምን እንዳገኘ ታውቆ አድልዎ እንዳይኖር ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ ወረቀት አንድ መንገደኛ በስልኩ ፎቶ አንስቶት ቢሄድ የመላው አባላት ጉዳይ ከቀበሌው ወጣ ማለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት የገበሬ ማኅበራት ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ ሲቋቋሙ መዝገባቸው በጸሐፊው እጅ የሚገኝ ደብተር ነበር። ደብተሩን ለመገልበጥ የሚፈልግ ሰው ቀናት ተቀምጦ በእጁ መጻፍ ነበረበት። ዛሬ ግን የሁለተኛ ደረጃ ይዞታ ማረጋገጫ በተሰጠባቸው ወረዳዎች የእያንዳንዱ ማሳ ካርታ በኮምፒዩተር ተመዝግቧል። ለፋይዳ መታወቂያ የተመዘገበ ገበሬ ደግሞ ስሙንና አድራሻውን ብቻ ሳይሆን የአሥር ጣቱን አሻራ፣ የዓይኑን ብሌንና የፊቱን ምስል ሰጥቷል። የጠፋ ደብተር በሌላ ይተካል፤ የስልክ ቁጥርም ይለወጣል። የጣት አሻራ ግን የሚለወጥ አይደለም።

የግል ሕይወት የመከበር መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ሰፍሯል። ነገር ግን የተሰበሰበ መረጃ እንዴት እንደሚያዝ ዘርዝሮ የሚደነግግ ራሱን የቻለ ሕግ የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲታወጅ ነው። አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠር የተመደበው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ መሠረት መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፤ ከዓላማው በላይ አይጠየቅም፤ ትክክለኛነቱም ሆነ ደኅንነቱ ይጠበቃል። ባለቤቱ ስለ እርሱ የተጻፈውን ለማየትና ስሕተት ካለ ለማሳረም መብት አለው። የጤና፣ የሃይማኖት፣ የብሔርና የጣት አሻራ መረጃዎች ከሌላው የጠበቀ ጥንቃቄ ይደረግላቸዋል። መረጃ ሲሰረቅ ወይም ሲባክን መዝጋቢው አካል በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማስታወቅ አለበት።

ይህ ሁሉ የባንክና የቴሌ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን የአባላቱን ስምና ዕዳ መዝግቦ የያዘ ማኅበርም መረጃ ያዥ ነው። ለማዳበሪያ ተብሎ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር አባሉ ሳያውቅ ለፀረ ተባይ ነጋዴ ከተሰጠ ከዓላማው ውጭ ውሏል። «ከባንክ ነው የምንደውለው» እያለ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ አጭበርባሪ የሚታመነው የሰውየውን ስምና የብድሩን ልክ አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። ባሏ የሞተባትና ልጆቿ ከተማ የገቡ እናት መሬቷ በማን እንደሚታረስና የይዞታ ደብተሯ የት እንዳለ ለወሰን ገፊ ከተነገረባት፣ ክርክሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ግማሹን ተሸንፋለች ማለት ይቻላል።

በመንግሥት በኩል በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር የአገሪቱን የመረጃ መረቦች ከጥቃት ይከላከላል። ያለፈቃድ ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ሆኖም ከሁሉ የበለጠ የገበሬ መረጃ የያዘው ራሱ መንግሥት ነው፤ ጠባቂውም ያዡም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የማንን ማሳ፣ በምን ምክንያት ከፍቶ እንዳየ የሚጠየቅበት አሠራር ካልተጠናከረ አዋጁ አዲስ አበባ ቀረ ማለት ነው። መብራት ከሌለው ቀበሌ ተነሥቶ ለባለሥልጣኑ አቤቱታ ማቅረብም ቀላል አይደለም። ስለሆነም የመጀመሪያው ሸክም የሚወድቀው በማኅበራቱ መሪዎች ላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ችግር አለ። አባላት ገንዘባቸው የት እንደደረሰ የማወቅ መብት አላቸው፤ «ምስጢር ነው» የሚል መልስ ለሚበላ ኮሚቴ መደበቂያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠቅላላ ዕዳው፣ የገባውና የወጣው ማዳበሪያ፣ የወሰደው ሰው ስምና መጠን በጉባኤ ፊት ይነገር። ስልክ ቁጥሩ፣ የፋይዳ ቁጥሩና የማሳው ካርታ ግን ለዚህ ምን ይጠቅማል? በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ስምና ኩንታል ቢይዝ ይበቃል። ዕዳውን ባለዕዳው ቀርቦ ይጠየቅበት፤ እንቢ ያለ እንደሆነ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ወደ ጉባኤ ይቀርባል።

የመታወቂያ ፎቶ ኮፒም አለ። ምዝገባው ካለቀ በኋላ ጥቅሉ በጽሕፈት ቤቱ ጥግ ይከመርና ከርሞ ለአሮጌ ወረቀት ገዢ ይሸጣል፤ ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ቆሎ ይጠቀለልበታል። የማያስፈልገውን ኮፒ በሁለት የኮሚቴ አባላት ፊት ማቃጠል የክብሪት ወጪ ብቻ ነው። ኮሚቴ ሲለወጥም ርክክቡ በማኅተሙና በካዝናው ቁልፍ ማለቅ የለበትም። በቀድሞው ጸሐፊ ስልክ ውስጥ ያለው የአባላት ዝርዝርና ፍላሹ በቃለ ጉባኤ ተጽፈው መረከብ፣ ከስልኩም መጥፋት አለባቸው።