ለወደቀው ፕሮሰስ ማን ይድረስለት? ከኤርላንግ ጋር ትውውቅ

ሥራውን በተራ በተራ በሚያከናውን ፕሮግራም ውስጥ ስህተት የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ችግር የገጠመው ክፍል ሥራውን አቋርጦ ለጠራው ክፍል ኤክሴፕሽን ይወረውራል፤ ጠሪውም ወይ መላ ይፈልግለታል፣ ወይ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ብዙ ሥራዎች ጎን ለጎን በሚሮጡበት ፕሮግራም ግን ጠሪው ሥራውን የሚያካሂድ ትሬድ አስነሥቶ ወደ ራሱ ጉዳይ ስለሚሄድ ስህተቱ ሲመጣ ተቀባይ ያጣል። በጃቫ ሥራዎችን ለትሬዶች ለሚያከፋፍለው ኤክሰኪዩተር የተሰጠ ሥራ ቢከሽፍ ኤክሴፕሽኑ ውጤቱን በሚይዘው ፊውቸር ውስጥ ይቀመጣል፤ ውጤቱን የሚጠይቅ ካልመጣ ማንም ሳያውቀው ይቀራል። ጎ በተባለው ቋንቋ ደግሞ ጎሩቲን በሚባል ጎን ለጎን በሚሮጥ ሥራ ውስጥ ተነሥቶ እዚያው ያልተያዘ፣ ፓኒክ የሚባል ስህተት መላውን ፕሮግራም ይጥላል። ከሁለቱም የሚከፋው የጋራ ሜሞሪ ነው። አንዱ ትሬድ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎ ቢሞት ያበላሸው ዳታ ለቀሩት ይተርፋል። ጃቫም እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው 1.2 እትም ትሬድን በግድ የሚያቆመውን ትእዛዝ ፕሮግራመሮች እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለዚህ ችግር ከተሰጡት መልሶች ሁሉ እጅግ አሳማኝ ሆኖ የማገኘው የኤርላንግን ነው። ቋንቋውን በ1980ዎቹ በስዊድኑ የኤሪክሰን ኩባንያ ላቦራቶሪ የፈጠሩት ጆ አርምስትሮንግ፣ ሮበርት ቨርዲንግና ማይክ ዊሊያምስ ናቸው። የተፈለገው የስልክ ጥሪዎችን ለሚያገናኝ መሣሪያ ነበርና የአንዱ ጥሪ ብልሽት የሌላውን ጥሪ ማቋረጥ አልነበረበትም። ስለዚህ በኤርላንግ ጎን ለጎን የሚሮጠው እያንዳንዱ ሥራ፣ ፕሮሰስ የሚባለው፣ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ከሌሎቹ ጋር የሚገናኘው መልእክት በመላላክ ብቻ ነው። ጥቂት ኪሎባይት ስለሚበቃው በአንድ ማሽን ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ፕሮሰሶች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ ሲሞት ያበላሸው ሜሞሪ አብሮት ይጠፋል፤ ከእሱ ጋር የተሳሰረው ተቆጣጣሪ ፕሮሰስ ደግሞ የሞቱ ምክንያት በመልእክት ይደርሰዋል። ተቆጣጣሪው ሌላ ሥራ የለውም። በተሰጠው መመሪያ መሠረት የወደቀውን ብቻ፣ ወይም ከእሱ በኋላ የተነሡትን ጨምሮ፣ ወይም ሁሉንም እንደገና ያስነሣል። የወደቀው ክፍል ራሱ የያዘው መረጃ አጠራጣሪ ሆኗልና ስለ መፍትሔው የመወሰን ሥልጣን ለጤነኛው መሰጠቱ ተገቢ ነው።

እንደገና ማስነሣት ስህተቱን መሸፈን እንጂ ማረም አይደለም የሚሉ አሉ፤ ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሆኖም የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጂም ግሬይ በ1985 ባቀረበው ጥናት የሕትመት ሥራዎችን ከሚያስተናግድ ሶፍትዌር መዝገብ ላይ ከተመረመሩት 132 ስህተቶች ሥራው ሲደገም ዳግም የታየው አንዱ ብቻ ነበር። የቀሩት በጊዜ መገጣጠም የሚፈጠሩና ሁኔታው ሲለወጥ የሚጠፉ ናቸው፤ ጎን ለጎን በሚሮጡ ሥራዎች ውስጥ የሚበዙትም እነዚህ ናቸው። ለማይጠፋው ስህተት ደግሞ ገደብ አለ። ፕሮሰሱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከተፈቀደው በላይ ከወደቀ ተቆጣጣሪው ራሱ ሥራውን ያቆማል፤ ጉዳዩም ከበላዩ ወዳለው ተቆጣጣሪ ይሻገራል። እያንዳንዱ ውድቀት በመዝገብ ስለሚሰፍር ፕሮግራመሩ ምክንያቱን ተከታትሎ ማረም ይችላል። የሚጠበቅ ስህተት፣ ለምሳሌ ያልተገኘ ፋይል፣ ፕሮሰስ የሚሞትበት አይደለም፤ እንደ ማንኛውም መልስ ይስተናገዳል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ፕሮሰሱ ሲሞት በእጁ የነበረው መረጃም ይጠፋል። ገንዘብ በሚያስተላልፍ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ብቻውን አይበቃም። ዝውውሩ አስቀድሞ በዳታቤዝ መስፈር፣ ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ቢደርስም ገንዘቡ አንዴ ብቻ መተላለፍ አለበት፤ ይህን ኤርላንግ በራሱ አይሰጥም። በሌላ በኩል ዋትስአፕ በ2012 በዚሁ ቋንቋ በአንድ ሰርቨር ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ግንኙነቶችን ማስተናገዱ መንገዱ ለብዙ ሕዝብ እንደሚበቃ አሳይቷል። ሌሎች ቋንቋዎችም ወደዚሁ ሐሳብ ተጠግተዋል፤ በ2022 የወጣው ፓይተን 3.11 አስነሺው ያስነሣቸው ሥራዎች እስኪያልቁ እንዲጠብቅ፣ አንዱ ሲከሽፍም የቀሩትን እንዲሰርዝ የሚያደርግ የሥራ ቡድን አለው። ስህተቱ ተቀባይ አገኘ ማለት ነው፤ ሜሞሪው ግን አሁንም የጋራ ነው።