የመጀመሪያውን የጢም መላጫ ብሩሽ በመጠነኛ ዋጋ መምረጥ

የጢም መላጫ ብሩሽ ዋና ተግባር ሳሙናንና ውኃን አዋሕዶ ወፍራም አረፋ ማውጣት፣ ጢሙን ማለስለስና ቀና አድርጎ ለምላጩ ማመቻቸት ሲሆን፣ ይህን በሚገባ የሚፈጽም ብሩሽ የግድ ውድ መሆን የለበትም።

ብሩሾች በዋናነት የሚለያዩት በተሠሩበት ጠጉር ነው። ባጀር ከተባለው የዱር እንስሳ ጠጉር የሚሠራው ለስላሳና ውኃ ያዥ ቢሆንም ዋጋው ከፍ ይላል። የጣሊያኑ ብሩሽ አምራች ኦሜጋ የሚታወቅበት የአሳማ ጠጉር ብሩሽ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ይሁን እንጂ ከመላጨት በፊት ሁልጊዜ ለጥቂት ደቂቃዎች ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ያለበት ሲሆን፣ የጠጉሩ ጫፎች ተሰንጥቀው የሚለሰልሱትም ከሳምንታት አገልግሎት በኋላ ነው። ከቀጫጭን የፕላስቲክ ክሮች የሚሠራው ሰው ሠራሽ ብሩሽ ግን መዘፍዘፍ አያሻውም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በጥቂት ሳሙናም ብዙ አረፋ ያወጣል፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ከአሳማ ውጤት ለሚርቅ ሰውም ስለሚስማማ ለጀማሪ ተመራጭ ነው።

ርካሽ ዕቃ መፈለግ ግን ጥንቃቄን ማስቀረት የለበትም፤ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የባጀር ጠጉር አቅርቦት በተስተጓጎለ ጊዜ፣ በሚገባ ካልጸዳ የፈረስ ጠጉር የተሠሩ ብሩሾች በአሜሪካና በብሪታንያ አባ ሰንጋ የተባለውን ገዳይ በሽታ ወደ ሰዎች አስተላልፈዋል።

የጠጉሩ እስር ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከ22 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሩሽ ለፊት ምቹ ነው። ገዢው ጠጉሩን በቀስታ ሳብ አድርጎ አለመርገፉን፣ እጀታውም በእርጥብ እጅ አለመንሸራተቱን ማረጋገጥ ይገባዋል። ከተጠቀመ በኋላ በንጹሕ ውኃ አለቅልቆና አራግፎ አየር በሚያገኝበት ቦታ የሚያደርቀው ከሆነ፣ ርካሹም ብሩሽ ለዓመታት ያገለግለዋል።