ቃል ከቃል የሚለዩ ነጥቦች እና አነስተኛ ካሜራ፦ የድንጋይ ጽሑፎችን ለማንሣት የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ አዘገጃጀት

በካርቱም የሚገኘው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1971 ከተከፈተ ጀምሮ የኩሽን፣ የሜሮኤንና የክርስቲያን ኑብያን ቅርሶች ጠብቆ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ግን ሙዚየሙ ተዘርፏል። ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ ሲጠፋ ለቋንቋ አጥኚው የሚቀረው አስቀድሞ የተነሣው ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ ምስሉ የተነሣበት መንገድ ከንባቡ ተለይቶ አይታይም።

የሜሮኤ ጽሕፈት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ23 ምልክቶች ይጻፋል፤ ተነባቢው፣ እንደ ግዕዝ የመጀመሪያ ረድፍ ፊደል፣ የአናባቢ ምልክት ካልተከተለው በቀር የራሱን አናባቢ ይዞ ይነበባል። ቃል ከቃል የሚለየውም በሦስት፣ በኋላ ዘመን ደግሞ በሁለት ነጥቦች ነው። ፍራንሲስ ልዌሊን ግሪፊዝ እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ጥናቶች የምልክቶቹ ድምፅ ቢታወቅም፣ የብዙ ቃላት ፍቺ ግን ዛሬም አልተፈታም። ፍቺው ባልታወቀ ቋንቋ ውስጥ አንዲት ነጥብ ከምስሉ ከጠፋች የቃሉን ወሰን ከዐውዱ ገምቶ መመለስ እጅግ ያስቸግራል።

በአነስተኛ ወጪ ምስል ለማንሣት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ኢኤስፒ32-ካም የተባለው የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ ነው። በብዛት አብሮት የሚመጣው ኦቪ2640 የተባለው የምስል ዳሳሽ እስከ 1600 በ1200 ፒክስል ያነሣል። ዳሳሹን የሚያዘው ላይብረሪ በቺፑ አምራች በኤስፕሬሲፍ የተዘጋጀ ሲሆን በአፓቼ 2.0 ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ነው።

አዘገጃጀቱ በአርዱዊኖ መሥሪያ ፕሮግራም የሰሌዳውን ዓይነት በመምረጥ ይጀምራል። በተለመደው ሰሌዳ ላይ የዩኤስቢ መሰኪያ ስለሌለ ፕሮግራሙ የሚጫነው በተለየ መለወጫ ነው፤ በሚጫንበትም ጊዜ ዜሮ ቁጥር እግር ከመሬት መስመር ጋር ይያያዛል። ቀጥሎ የትኛው የካሜራ መስመር ከየትኛው እግር ጋር እንደተገናኘ ለላይብረሪው ይነገረዋል። ይህ ዝርዝር ከሰሌዳ ሰሌዳ ስለሚለያይ የአንዱን ለሌላው መገልበጥ ካሜራው እንዳይነሣ ያደርጋል። የተጨማሪ ማኅደረ ትውስታውም መከፈት አለበት፤ በቺፑ ውስጥ ያለው 520 ኪሎባይት ለትልቅ ምስል አይበቃም። ያልታመቀ ግራጫ ምስል በሙሉ መጠኑ 1.92 ሚሊዮን ባይት ይወስዳልና።

ከዚህ በኋላ ያሉት ምርጫዎች የቋንቋ አጥኚውን በቀጥታ ይመለከታሉ። የመጀመሪያው የምስሉ ስፋት ነው። 16 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የድንጋይ ገጽ በ1600 ፒክስል ሲነሣ ለአንድ ሚሊ ሜትር 10 ፒክስል ይደርሳል፤ በ640 ፒክስል ሲነሣ ግን 4 ብቻ። ሁለተኛው የጄፔግ እመቃ ነው። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ ጥቃቅን ልዩነቶችን ስለሚያስወግድ፣ አራት ፒክስል ብቻ ያላት ነጥብ ከድንጋዩ ሻካራነት ጋር ልትዋሐድ ትችላለች። በዚህ ላይብረሪ የጥራት ቁጥሩ ከ0 እስከ 63 ሲሆን አነስተኛው ቁጥር ከፍተኛውን ጥራት ያመለክታል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጥራቱ የሚጨምር መስሎት ከፍ የሚያደርግ ሰው ሳያውቅ ጽሑፉን ያደበዝዛል።

ሦስተኛው ምርጫ ብርሃን ነው። ቶም ማልዝቤንደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረቡት ዘዴ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ ብርሃኑ ብቻ አቅጣጫ እየለወጠ ብዙ ምስሎች ይነሣሉ፤ ያረጀ ቅርጽ በጥላው አማካይነት ጎልቶ ይታያል። ሰሌዳው መብራቶቹንም ካሜራውንም በተራ ሊያዝ ይችላል። ሆኖም ላይብረሪው ቀድሞ ያነሣውን ምስል በማቆያ ቦታ ይዞ ስለሚጠብቅ፣ መብራት ከተለወጠ በኋላ መጀመሪያ የሚገኘው ምስል የቀደመው ብርሃን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ምስል ተቀብሎ መመለስና ቀጣዩን መያዝ ያስፈልጋል። ብርሃንን በራሱ የሚያመዛዝነው የካሜራው ሥርዓትም መዘጋት አለበት፤ ካልተዘጋ ምስሎቹ እርስ በርስ አይነጻጸሩም።

እንዲህ ያለው መሣሪያ የሙዚየም ካሜራን አይተካም፤ ሰፊ ድንጋይንም በክፍል በክፍል እንጂ በአንድ ጊዜ አይሸፍንም። ጥቅሙ ያለው በርካሽ መገኘቱና እያንዳንዱ ምርጫ በግልጽ የሚታይ መሆኑ ላይ ነው። የምስሉ ስፋት፣ የእመቃው ቁጥርና የብርሃኑ አቅጣጫ ከምስሉ ጋር ተመዝግበው ሊቀመጡ ይገባል። ድንጋዩ በሌለበት ዘመን ምስሉን የሚያነብ አጥኚ «እዚህ ነጥብ የለም» ከማለቱ በፊት፣ ነጥቡን ያልጻፈው ጸሐፊው ይሁን ያጠፋው ካሜራው ሊለይ የሚችለው በዚህ መዝገብ ብቻ ነው።