የታደሰ ቤት ፈተናው ክረምት ነው

የቤት እድሳትን በቤተሰብ ስለ መሥራት



ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 55 ኪ.ሜ. ያህል ስንጓዝ አዲስ ዓለም እንደርሳለን። ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1900 ከተማዪቱን ሲቈረቍሩ ዋና ከተማ ትሆናለች ብለው ነበር፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆነው እንጨት እየተመናመነ ሄዶ ነበርና። በኋላ ግን ባሕር ዛፍ እየተተከለ ስለ ተስፋፋ ዋና ከተማው ሳይዛወር ቀረ፤ በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይኸው ባሕር ዛፍ እስከ ዛሬ ድረስ በአካባቢው የብዙ ቤቶች ቋሚ፣ ማገርና ወራጅ ነው።

በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። ስለዚህ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪና በአምቦ ቤት ማደስ ለአንድ ቤተሰብ በቂ እንጀራ ሊሆን የሚችል ሙያ ነው። አባት አናጢ፣ አንዱ ልጅ ግንበኛ፣ ሌላው ለሳኝ፣ እናት ወይም ሴት ልጅ ሒሳብ ያዥ ሆነው አብረው ይሠራሉ። እንዲህ ያለው የቤተሰብ ሥራ ለምን አንዱ እንደሚጸና ሌላው እንደሚፈርስ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እናስረዳለን።

የአሠሪው ደስታ መቼ ይታወቃል?

ልስን ደርቆ ኖራ የተቀባ ዕለት ማንኛውም ቤት ያምራል፤ አሠሪውም ይመርቃል። ነገር ግን ያን ዕለት የሚሰጠው ምስጋና ገና ያልተፈተነ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ከወረደበት በኋላ ግድግዳው ካልተላቀቀ፣ ጣሪያውም ካላፈሰሰ አሠሪው በእውነት ረክቷል ማለት ይቻላል። ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚቀጥለውን ሥራ የሚያመጣው የዚህ አሠሪ ጎረቤት ነው።

እንበልና አንዲት እናት እንጀራ እየሸጡ፣ ዕቁብ እየጣሉ የሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅመው ቤታቸውን አሳደሱ። በነሐሴ ግድግዳው ቢላቀቅ ሁለተኛ ገንዘብ የላቸውም። ለሠራተኛው አንድ ሥራ የነበረው ለእርሳቸው ብቸኛው ዕድል ነበር። ሙያውን የሚይዝ ቤተሰብ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

በመጀመሪያ የጉዳቱን ምክንያት መፈለግ

ብዙ ጊዜ አሠሪ የሚጠራን “ግድግዳው ተሰንጥቋልና ለስኑልኝ” ብሎ ነው። ስንጥቁ ግን ምልክት ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይገኛል። ቤቱን ዞረን ስናይ ከሚከተሉት አንዱን ወይም ሁለቱን እናገኛለን።

1ኛ/ ውኃ፦ ከክዳኑ የሚወርደው ጠብታ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን እግር ያረጥበዋል፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው ቋሚ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይገባበታል። መድኃኒቱ ክዳኑን ከግድግዳው አርቆ ማውጣት ወይም አሸንዳ መግጠም፣ በዙሪያው ቦይ መቈፈር፣ የበሰበሰውንም የቋሚ እግር ቈርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ማስቀመጥ ነው።

2ኛ/ አፈር፦ በጊንጪ ዙሪያና በሌላውም የምዕራብ ሸዋ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር አለ። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውንም ቤት ያንቀሳቅሳል። እንዲህ ባለ ቦታ ውኃውን ከቤቱ ሥር ማራቅ ከሁሉ ይቀድማል።

3ኛ/ ጣሪያ፦ አሮጌ ቆርቆሮ ተነቅሎ በአዲስ ቦታ ሲመታ የቀድሞው የሚስማር ቀዳዳ ያፈስሳል። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። የላይኛው ቆርቆሮ ጫፍም በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. መደረብ አለበት። አሠሪው ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጅ ቍጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍር ይነገረው፤ ባለ 28ቱ ከባለ 32ቱ ይጠነክራል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ለአሠሪው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፦ “እትዬ፣ ልስኑን ብቻ ብንሠራልዎ ክረምቱን አይወጣም። አስቀድመን ውኃውን እናዙርልዎ፤ ገንዘቡ ከተረፈ እንለስናለን።” በዚህ ንግግር የዛሬው ሥራ ሊያንስ ይችላል፤ እምነቱ ግን ይቀራል።

እንዲሁም ብዙ አሠሪዎች የጭቃ ግድግዳቸው በሲሚንቶ እንዲለሰን ይፈልጋሉ፤ ብሎኬት ስለሚመስል ነው። ሲሚንቶ በጭቃ ላይ በደንብ አይጣበቅም፤ ወደ ውስጥ የገባውንም እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ከጊዜ በኋላ እየተገመሰ ይወድቃል። በጭድ ተለውሶ ለብዙ ቀን የቦካ ጭቃ ግን ከግድግዳው ጋር አንድ ይሆናል። የመጀመሪያው ምርጊት በሚገባ ደርቆ ስንጥቁን ሳይጨርስ ሁለተኛው መደረብ የለበትም። አሠሪው ቢቸኩልም እንኳ ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ሊታለፍ አይገባውም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጻፍ

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይላል ያገራችን ሰው። በእድሳት ሥራ የሚነሣው ጠብ አብዛኛው “እኔ እኮ ይህም ይጨመራል ብዬ ነበር” ከሚል ይመነጫል። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ በእርሱም ላይ፦

ሀ/ የሚሠራውና የማይሠራው፤
ለ/ የዕቃው ዝርዝርና ዋጋው የተጠየቀበት ቀን፤ የገበያ ዋጋ ይለወጣልና፤
ሐ/ የእጅ ዋጋ፤ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ የቀረውም በየትኛው የሥራ ደረጃ እንደሚከፈል፤
መ/ ግድግዳው ሲከፈት ያልታሰበ ብስባሽ ቢገኝ ሥራው ቆሞ አሠሪው አይቶ ሳይፈቅድ እንደማይቀጥል ይጻፍ።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ኦሮምኛም አማርኛም ስለሚነገር ወረቀቱ አሠሪው በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት፤ ማንበብ ለማይችሉም አንድ የታመነ ጎረቤት ምስክር ይሁን። ቤቱ የኪራይ ወይም የቀበሌ ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ የሚያስፈልገውም ሥራ ያለ ፈቃድ አይጀመር።

ሕጉም ጉዳዩን ቀላል አድርጎ አይመለከተውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው መልካምነትና ጽናት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ከመሬቱ ጠባይ የተነሣ ለሚደርሰው ጉዳት እንኳ ኀላፊነት አለበት። እንግዲህ የመረሬን አፈር ሳይመረምር ግድግዳ የሚለስን ሰው በገዛ እጁ ዕዳ ይገባል።

የአሠሪውና የቤተሰቡ ገንዘብ

የቤተሰብ ሥራ ከሚፈርስባቸው መንገዶች ዋነኛው ይህ ነው። ቀብድ ኪስ ሲገባ የቤተሰቡ ገንዘብ ይመስላል፤ ለልጅ ትምህርት ወይም ለሠርግ ይወጣል። ከዚያ ዕቃ የሚገዛበት ሲጠፋ ከሁለተኛው አሠሪ ቀብድ ተወስዶ የመጀመሪያው ቤት ይሠራበታል፤ ሁለተኛውን ለመሥራት ሦስተኛው ይፈለጋል። ዝናብ ሲመጣ ሦስት ጣሪያ ተከፍቶ ይገኛል።

ስለዚህ ቀብድ ዕቃው እስኪገዛ ድረስ የአሠሪው ገንዘብ ነው። ለብቻው በተዘጋጀ ደብተር ይጻፍ፣ ደረሰኙም ለአሠሪው ይሰጥ። ከተቻለ ዕቃውን አሠሪው ራሱ ቢገዛ ይሻላል። አንዱ ጣሪያ ሳይከደን ሌላው አይከፈት፤ ጣሪያ የሚነካ ሥራም ሁሉ በበጋ ይጠናቀቅ።

አብረው ለሚሠሩት ልጆችም እንደማንኛውም ሠራተኛ የቀን ዋጋ ይቈረጥላቸው። “የቤት ልጅ ነው” ተብሎ ያለ ክፍያ ዓመታት የሚሠራ ወጣት ወይ ሥራውን በግዴለሽነት ይሠራል፣ ወይ ሙያውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሒሳብ የያዘችውም እናት ወይም ልጅ ድካሟ እንደ ሥራ ተቈጥሮ ድርሻዋን ትቀበል። ስለ ገንዘቡ ውሳኔ ሲደረግ ደብተሩን የያዘችው ቃል ይሰማ።

በመስከረም መመለስ

ዝናቡ ሲያባራ ቤተሰቡ በዓመቱ ውስጥ ያደሳቸውን ቤቶች ሁሉ አንድ በአንድ ዞሮ ይይ። የተላቀቀ ልስን፣ የላላ ሚስማር፣ በደለል የተደፈነ ቦይ ቢገኝ የሠራተኛው ጥፋት የሆነው ያለ ክፍያ ይጠገን፤ የአሠሪው ጥንቃቄ ጉድለት የሆነው ደግሞ በትሕትና ይነገር። ለዚህ የሚውለው ሁለት ወይም ሦስት ቀን መጀመሪያውኑ በእጅ ዋጋው ውስጥ ሊታሰብ ይችላል። በዚህ ጉብኝት ቤተሰቡ የትኛው አሠራር ክረምቱን እንደወጣና የትኛው እንዳልወጣ በዐይኑ ያያል፤ ለቀጣዩ በጋም ይማርበታል።

የፕሮጀክት ሠራተኞችና ምእመናን ሆይ፣ የአንድ ችግረኛ ቤት በኅብረት ለማሳደስ ስትነሡም ይኸው ሥርዓት ይጠበቅ። ገንዘቡ የስጦታ ስለሆነ ባለቤቲቱ ሳይጠየቁ ሥራ አይወሰን፤ የስምምነቱ ወረቀት በስማቸው ይዘጋጅ፤ የመጨረሻው ክፍያም ጥቂቱ እስከ መስከረም ይቈይና ከእርሳቸው ጋር ቤቱን ከተመለከታችሁ በኋላ ይከፈል።