ፍሬው ለገበያ፣ ልብሱ ለጓዳ፦ የጨርጨር ሆጃ በሳይንስ ዓይን

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው አውራ ጎዳና ሚኤሶን አልፎ ሽቅብ መጠማዘዝ ሲጀምር፣ መንገደኛው ከቆላው ወበቅ ወደ ደጋው ነፋሻ አየር የሚሸጋገረው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። የጨርጨር ተራሮች በሰሜን የአዋሽን ቆላ፣ በደቡብ የዋቢ ሸበሌን ተፋሰስ ቁልቁል እየተመለከቱ በመካከል ቆመዋል፤ ባሕር ባይከባቸውም ደሴት ብንላቸው የሚቃወመን ያለ አይመስለንም። የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ የተቀመጠችው በዚህ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ነው።

ጭሮ ገበያ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ማለዳ የቀረበልን መጠጥ ሻይም ቡናም አልነበረም። መልኩ ወደ ቡናማ ያደላ ወተት፣ ሽታው የደረቀ ፍራፍሬ፣ ጣዕሙ በመጀመሪያ ጨው ጨው የሚል፣ ኋላ ግን ለስላሳ ነው። «እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?» ስንል ጠየቅን። «ሆጃ ነዋ ልጆቼ! ፍሬውን ነጋዴ ወሰደው፤ እኛ ልብሱን አፍልተን እንጠጣለን» አሉን ባለቤቷ።

«ልብሱ» የተባለው አሸር፣ ማለትም የደረቀው የቡና ገለባ ነው። በሐረርጌ ቡና የሚዘጋጀው በአመዛኙ ሳይታጠብ ነው። የቀላው እሸት ከነሥጋው ፀሐይ ላይ ይሰጣና ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ይደርቃል፤ ከዚያ በሙቀጫ ወይም በወፍጮ ሲፈለፈል ፍሬው ወደ ገበያ ይሄዳል፣ አሸሩ እቤት ይቀራል። ቡና በሚታጠብባቸው የአገራችን አካባቢዎች ግን ይኸው ሥጋ ገና በእርጥቡ ተገፍፎ ይጣላል፤ ወደ ወንዝ ሲገባም በስኳሩ የሚራቡት ጥቃቅን ነፍሳት የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በአንዱ ስፍራ ወንዝ የሚበክል ተረፈ ምርት በሌላው ስፍራ ቁርስ መሆኑ ሳያስገርመን አላለፈም።

ለመሆኑ በዚህ ገለባ ውስጥ ምን አለ? ካፌይን አለ። እ.ኤ.አ. በ1819 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ይህ ውህድ በአረቢካ ፍሬ ደረቅ ክብደት ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ድርሻ ሲኖረው፣ በገለባውና በቅጠሉም ይገኛል። ተክሉ የሚያመርተው እኛን ለማንቃት አይደለም፤ ቅጠሉን የሚበሉ ነፍሳትን ለማባረር ነው። ለጋው ቅጠል ከጠነከረው ይልቅ ካፌይን የሚበዛበትም ጥቃቱ በእርሱ ላይ ስለሚበረታ ሳይሆን አይቀርም። ከካፌይኑ ሌላ ፖሊፊኖል የሚባሉ ውህዶች አሉ። እነዚህ ከምራቃችን ፕሮቲን ጋር ሲጣበቁ አፍን ያደርቁታል፤ ያልበሰለ ሙዝ የበላ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

የእናቶች ጥበብ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ወተት ሲጨመር ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን ፖሊፊኖሉን ቀድሞ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ለምራቃችን የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። ጨውስ? በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ምላስ የመራራነትን ስሜት የምትቀበልበትን ኃይል እንደሚያዳክም በጣዕም ጥናት የታወቀ ነው። ሆጃ ያፈሉት እናት ኬዚንም ሶዲየምም አላሉንም፤ «ወተት ያለዝበዋል፣ ጨው ምሬቱን ይሰብረዋል» ብለው ግን በትክክል ነግረውናል።

የሆጃ ታናሽ ወንድም ቁጢ ይባላል። ይህ ደግሞ የቡና ቅጠል ነው፤ ደርቆ ወይም በምጣድ ተቆልቶ እንደ ሻይ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በአረቢካ ቅጠል ውስጥ ማንጂፈሪን የሚባል፣ በማንጎ ውስጥ የሚታወቅ ውህድ መኖሩን አመልክቷል። ከዚህ ተነሥቶ ቁጢ ስኳር በሽታን ያድናል፣ ደም ግፊትን ያወርዳል የሚል ወሬ ብንሰማ ግን ልንጠነቀቅ ይገባል፤ አንድ ውህድ በቅጠል ውስጥ መገኘቱ በሽተኛን መፈወሱን አያሳይም። በሌላ በኩል ፖሊፊኖል በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለውን ብረት ይዞ ሰውነታችን እንዳይወስደው ማድረጉ በሚገባ የተረጋገጠ ነው። ደም ማነስ ያለበት ሰው ሆጃም ሆነ ሻይ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከምግብ አርቆ ቢጠጣ ይመረጣል።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከግንቦት 1997 (እ.ኤ.አ.) በፊት በአባል አገሮቹ በሰፊው ያልተበላን ማንኛውንም ምግብ «አዲስ» ይለዋል። ባህላዊ ምግብ ሆኖ እንዲገባ ደግሞ በሌላ አገር ቢያንስ 25 ዓመት ያለ ጉዳት የተበላ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የቡና ቅጠል ሻይ በ2020፣ የደረቀው የቡና ሥጋና መጠጡ በ2022 በዚሁ በር ገብተዋል። ጭሮ ላይ በስኒ የሚቀዳው «አዲስ ምግብ» ተብሎ መመዝገቡ ፈገግ ቢያሰኘንም፣ ለአምራቹ አዲስ ገበያ ሊሆን እንደሚችል አንክድም።

የሆጃው ወተት ከየት ይመጣል? ከደጋው ላም፣ አለዚያም ከሚኤሶ በኩል ከሚወጣው ከቆላው የግመል ወተት ነው። የግመል ወተት የራሱ ጠባይ አለው። የኬዚኑ ጠብታዎች ትልልቅ ናቸው፣ ካፓ ኬዚን የሚባለው ክፍልም ከላም ወተት በጣም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሲረጋ ቀጭን ይሆናል፣ በጥጃ ጨጓራ ኢንዛይምም እንደ ላሙ አይረጋም። አርብቶ አደሮች የወተት ዕቃቸውን በእንጨት ጭስ ያጥናሉ፤ ሙቀቱና በጭሱ ውስጥ ያሉት ፊኖሎች ወተት የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎች ስለሚቀንሱ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ረጅም መንገድ ላይ ወተቱ ሳይበላሽ ይቆያል።

ከሆጃው ጋር የማሽላ ቂጣ በልተናል። ማሽላው በሐረርጌ ገበሬ ዘንድ የሚቀመጠው በመሬት ውስጥ በተቆፈረ፣ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ በሆነ ጉድጓድ ነው። አፉ ሲደፈን እህሉና በውስጡ ያሉት ነቀዞች ይተነፍሳሉ፤ ኦክስጅኑ እያለቀ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየበዛ ሲሄድ ነቀዞቹ ይሞታሉ። መድኃኒት አልተረጨም፣ ገንዘብም አልወጣም። እርጥበት ያገኘው ዳር ዳሩ ግን ይሻግታል፤ ሻጋታው መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል «ትንሽ ሽታ አለው እንጂ ይበላል» የሚባለው ነገር አይመቸንም። ከዚህም የከፋ አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ይተኛል፤ ክዳኑ እንደተከፈተ ዘሎ የገባ ሰው ራሱን ስቶ ሊቀር ይችላል። አየሩ እስኪለወጥ ሳይጠበቅ አይገባም፣ ብቻውንም ማንም አይገባም። አንባቢዎቻችን ገጠር ቤተሰብ ካላችሁ ይህችን ብቻ እንኳ ንገሩልን።

ወደ ሆጃው እንመለስ። ከጭሮ ወደ ገለምሶና ወደ በዴሳ በወረድንበት መንገድ ዳር ዓይን የሚሞላው ቡና ሳይሆን ጫት ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል፣ ጫት ግን ውኃ ካገኘ ደጋግሞ ይቆረጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የዓለም የቡና ዋጋ ባሽቆለቆለ ጊዜ ብዙ የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ልጆቹን የሚመግብበትን ያሰላ ገበሬ ተሳሳተ ለማለት ድፍረቱ የለንም። ነገር ግን ቡናው ሲነቀል የሚታጣው ኤክስፖርት ብቻ አይደለም፤ አሸሩም አብሮ ይታጣል። አሸር ደግሞ ለደሀ ቤት የሚተርፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሴቶች እጅ ያለ ሀብት ነው። ያነጋገርናቸው እናት ቀድሞ ከጎረቤት በነጻ የሚያገኙትን አሸር አሁን ከወፍጮ ቤት በጣሳ እየለኩ እንደሚገዙ አጫውተውናል።

ስንሰናበታቸው በፌስታል አንድ እፍኝ አሸርና ጥቂት ቁጢ ሰጡን። ገንዘብ ብንዘረጋ «ውሰዱት፣ ለትምህርት ነው አላችሁ» ብለው እጃችንን መለሱት። ዝገት የያዘ ሚስማር በሆምጣጤ ውስጥ ሁለት ቀን ዘፍዝፈን ከፈሳሹ ጥቂት ጠብታ ቁጢው ላይ ብንጨምር፣ ቅጠልያው መጠጥ ዓይናችን እያየ እንደ ቀለም ጠቆረ። ብረቱን የያዘው ፖሊፊኖል ነው። ሙከራውን በትምህርት ቤታችሁ ስትሠሩ ሚስማር የገባበትን ብርጭቆ መልሳችሁ ለመጠጥ እንዳትጠቀሙበት።